ከመረብ የሚያመልጠው ዓሣ የትኛው ነው?

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ የጥናት ትምህርት)

አስቀድመው የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘዳግም 22፥6-7፤ ማቴዎስ 13፥47-48



በጎንደር አራዳ ዓሣ ልትገዛ የወጣች እናት ሁለት ነገር ትመለከታለች፤ ዋጋውንና ትልቅነቱን። ዓሣው ትንሽ ከሆነባት «ይህማ ገና ልጅ ነው፤ ቢተዉት ያድግ ነበር» ትላለች። ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ያ ትንሽ ዓሣ ልጅ አይደለም፤ እንቁላሉን የጣለ፣ ዘሩን የተካ ጎልማሳ ነው። ቢተዉትም ከዚያ ብዙ አያልፍም። እነዚህ ሁለት ትንንሽ ዓሦች በገበያ ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ስለ ሐይቁ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነው። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ልዩነት ላይ ያተኮረ ነው።

ጉዳዩን ለዚህ እትም የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎርጎራና ከደምቢያ በኩል ካሉ ጉባኤዎች ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «መረብ ግዙልን» የሚል ነው። ደጋፊዎቻችንም ይህን ዓይነቱን ርዳታ ይወዱታል። ለተራበ ሰው ዓሣ ከመስጠት ዓሣ ማጥመድን ማስተማር ይሻላል የሚለው አባባል በእኛ ሥራ ከተሰማሩ ሰዎች አፍ ጠፍቶ አያውቅም። አባባሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ሐይቁ አንድም ቃል አይናገርም። ሐይቁ ሁልጊዜ ሙሉ እንደሆነ አድርጎ ይነሣል።

የጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በበዛበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር አያልፍም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል፤ ስለዚህ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ሐይቁ በዚህ ምክንያት ተዘግቶ የኖረ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ቤት ውስጥ ዓሣ አጥማጆች በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» የሚሉት ወገን ከአሥራ አምስት በላይ ዓይነት ሆኖ ተባዝቷል፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም። በፊሊፒንስ አገር በላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ቤተሰብ በሰው እጅ አብዛኛው ጠፍቷል። ከነጭ ዓሣ ሌላ በጣና ቀረሶና አምባዛ አሉ።

በደንገል ታንኳ ከዳር ዳር የሚደረገው ማጥመድ ጥንታዊ ነው፤ የወይጦ ማኅበረሰብ በዚህ ሙያው የታወቀ ነው። ታንኳ ግን ከዳር ብዙ አትርቅም፤ ስለዚህ የሐይቁ መካከል ለዓሣው መሸሸጊያ ሆኖ ኖረ። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ገና ከሰው አእምሮ ሳይወጣ፣ የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን እና ኡርክ ከምትባለው የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጡ ክርስቲያኖች በአንድነት ሞተር ያላቸውን ጀልባዎችና የናይሎን መረቦችን ወደ ጣና አመጡ። ዓላማው የተራበውን ማብላትና ለድኻው ገቢ መፍጠር ነበር። እኛም በዚያ ጊዜ ብንኖር ኖሮ ይህንኑ እናደርግ እንደ ነበር አንጠራጠርም፤ ይህን የምንለው ከዚህ በታች የምንጽፈው በማንም ላይ የጣት መቀሰር እንዳይመስል ነው።

ፍሬውም ታየ። በሞተር ጀልባዎች የሚወጣው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በሪፖርት ላይ ከዚህ የሚያምር ቁጥር የለም። ነገር ግን ማርቲን ደ ግራፍ የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት ሌላውን ገጽ አሳየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተመዘነውን ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ቢመዝኑት፣ ለመራባት ወደ ወንዝ ከሚወጡት ነጭ ዓሦች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ የሉም። ወጣቶቹ ደግሞ ከዚህም በባሰ ሁኔታ ቀንሰዋል። ተመራማሪዎቹ ያመለከቷቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መረቡ፣ ሁለተኛው በወንዞች ውስጥ የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ የሚደረገው ማደንዘዝ።

እንግዲህ መረብ በዓሣ ላይ የሚያደርገውን ለመረዳት በመጀመሪያ ዓሣ እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ያስፈልጋል። በሬ በጥቂት ዓመት ቁመቱን ይጨርሳል። ዓሣ ግን እስኪሞት ድረስ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አያቆምም። ልጅ ሳለ የበላውን ሁሉ ለሥጋው ያውለዋል። መራባት ከጀመረ በኋላ ግን ምግቡ በሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለአካሉ፣ ግማሹ ለእንቁላል። ስለዚህ ቶሎ የሚራባ ዓሣ በዕድሜው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ይኖራል። ሌላም የሂሳብ ነገር አለ። የዓሣ ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር ክብደቱ በስምንት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ወደ ሆድም ስለሚሰፋ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የተያዘ ዓሣ 40 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ቢጠበቅ ኖሮ ስምንቱን ያህል ሥጋ በሰጠ ነበር። በመንገድ ላይ አንዳንዱ በአምባዛ ይበላል፣ አንዳንዱን ወፍ ይወስደዋል፤ ያም ሆኖ በልጅነቱ የሚፈጅ አጥማጅ ራሱን ይዘርፋል።

አሁን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እንንገራችሁ። ማጥመድ በመጀመሪያ ዓሣን ያሳድጋል። የበቆሎ ማሳ ያለው አንባቢ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ ሽልሻሎ የሚደረገው የበዛው ቡቃያ ሳስቶ የቀረው እንዲወፍር ነው። በሐይቅም እንዲሁ ነው። ዓሣው ሲሳሳ ለቀሪው ምግብ ይበዛለታል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጨምረው ርዝመት ይበልጣል። የኩሬ ፕሮጀክት የሚያካሂዱ ሠራተኞቻችንም የዚህን ተቃራኒ በዓይናቸው አይተዋል፤ ቀረሶ በጠባብ ኩሬ ውስጥ ሳይወጣለት ሲቀር እየተራባ፣ እየተጨናነቀ መዳፍ አክሎ ይቀራል። እንዲህ ላለው ኩሬ መድኃኒቱ መረብ ነው።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ባጠመድን ቁጥር ዓሣው ይወፍራል» ይላል። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሕግ ይነሣል።

የሽልሻሎ ማረሻ ቡቃያውን ጠንካራና ደካማ ብሎ አይለይም። መረብ ግን ይመርጣል። የመረብ ዓይን ልክ አለው፤ ከልኩ በታች የሆነው ሾልኮ ያልፋል፤ ልኩ የደረሰው ጭንቅላቱን አስገብቶ ይያዛል። በአንድ ክረምት የተወለዱ አንድ ሺህ ዓሦች ብናስብ ሁሉም እኩል አያድጉም። ፈጣኑ ቀድሞ ልኩ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህም ቀድሞ ይሞታል። ዘገምተኛው ሌላ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት በመረቡ ዓይን ሲያልፍ ይኖራል፤ በዚያም ጊዜ እንቁላሉን ይጥላል። ትንሽ ሳለ የሚራባውም እንደዚሁ ከመያዙ በፊት ዘር ይተካል። የእኛ ገበሬ ከአውድማው ያማረውን ዛላ መርጦ ለዘር ያስቀምጣል፤ የቀጨጨውን ይበላል። መረብ የሚሠራው የዚህን ግልባጭ ነው። ያማረውን በልቶ የቀጨጨውን ለዘር ያስቀራል። በርዕሳችን ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ተመራማሪዋ ሮዛ ሊ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዓሣ ቅርፊት ስትመረምር አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለች። በቅርፊት ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ያሉ ክቦች አሉ፤ ከእነርሱም ዓሣው በልጅነቱ ምን ያህል እንዳደገ ማስላት ይቻላል። ያረጁት ዓሦች በልጅነታቸው ከዛሬዎቹ ልጆች ይልቅ ቀስ ብለው ያደጉ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ዋናው፣ እኩዮቻቸው የነበሩት ፈጣኖች ለእርጅና ሳይበቁ መያዛቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ዴቪድ ኮኖቨርና ስቴፈን መንች የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህንኑ በሙከራ አሳዩ። ትንሽ የባሕር ዓሣ በገንዳ አርብተው፣ ከአንዳንዱ ገንዳ በየትውልዱ ከመቶ ዘጠናውን ከትልቁ ጀምረው አወጡ፤ ከሌላው ደግሞ ከትንሹ ጀምረው አወጡ። በመጀመሪያው ትውልድ ትልልቁን የወሰደው ክፍል ከፍተኛ ምርት አገኘ። በአራተኛው ትውልድ ግን የዚያ ገንዳ ዓሦች ከሌላው ግማሽ የሚያህሉ ብቻ ሆኑ፤ ምርቱም የመጨረሻው ሆነ። በኋላም ማጥመዱ ቆሞ ዓሦቹ ወደ ቀድሞ ልካቸው መመለስ ጀመሩ፤ አመላለሳቸው ግን በጣም አዝጋሚ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ለማገገም ከአሥር ትውልድ በላይ እንደሚፈልጉ ተሰላ። ለመራባት ብዙ ዓመት የሚቆይ ዓሣ ከሆነ ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

ይህ የገንዳ ወሬ ብቻ ነው የሚል ካለ የካናዳን ኒውፋውንድላንድ ይመልከት። ኮድ የተባለው ዓሣ ለብዙ መቶ ዓመታት ያንን ሕዝብ ሲመግብ ኖረ። በ1980ዎቹ ዓሦቹ ከቀድሞው ይልቅ በልጅነታቸውና በትንሽነታቸው መራባት ጀመሩ፤ ይህ ምልክት በጊዜው አልተነበበም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 መንግሥት ማጥመዱን ሲዘጋ 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ። እገዳው የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ በ2024 ነው፤ የተፈቀደውም መጠን ከድሮው ጋር የሚወዳደር አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሀብታም መንግሥት ስለ ነበራቸው ድጎማ አገኙ። የጎርጎራ አጥማጅ እንዲህ ያለ ትራስ የለውም።

ወደ ጣና እንመለስ። ከላይ የጠቀስነው ነጭ ዓሣ ዝግ ብሎ የሚያድግና ዘግይቶ የሚራባ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጠባይ አለው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ክረምት ሲገባ በወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ ድርማ፣ እንዲሁም ከጎንደር አጠገብ የሚወርደው መገጭ መንገዶቻቸው ናቸው። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የመረቡ ዓይን ሰፊም ቢሆን እናቶቹን ይለቅማል። ትልቅ እናት ደግሞ ከትንሽ እናት ጋር በኪሎ የምትነጻጸር አይደለችም። ስለ ኮድ የታወቀውን ብንጠቅስ፣ 30 ኪሎ የምትመዝን አንዲት እናት ሁለት ሁለት ኪሎ ከሚመዝኑ 28 እናቶች የበለጠ እንቁላል ትጥላለች። ሃያ ስምንቱ በአንድነት 56 ኪሎ ይመዝናሉ።

በዘዳግም ላይ የተመለከተውን የወፍ ጎጆ ሕግ ያነበባችሁ ይህን ስትሰሙ እንደምትደነቁ እናምናለን። መንገደኛው ጫጩቶቹን ወይም እንቁላሎቹን እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ታዝዟል፤ ከዚህም ጋር መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ተስፋ ተሰጥቶታል። ብዙ ሰባኪዎች ይህን ክፍል ስለ ርኅራኄ ብቻ ያስተምሩበታል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሕጉ የተራበ ሰው እንዳይበላ አልከለከለም፤ የሚበላውንና የሚቀረውን ለየለት እንጂ። በማቴዎስ ወንጌል ያለው የመረብ ምሳሌ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በዚያ ምሳሌ አጥማጆቹ መረቡን ወደ ዳር ከሳቡ በኋላ ተቀምጠው መልካሙን ከክፉው ይለያሉ። በእኛ የናይሎን መረብ ግን ዳር ላይ ተቀምጦ መለየት ከንቱ ነው፤ ሌሊቱን ተይዞ ያደረው ዓሣ ሞቷል። መለየቱ ያለቀው መረቡ የተገዛ ቀን በሱቅ ውስጥ ነው። እንግዲህ መረብ ግዙልን ስትሉን ምን ያህል የከበደ ምርጫ እንደምታሸክሙን ታያላችሁ።

ከ1986ቱ ፕሮግራም ጋር የመጣው መረብ ዓይኑ ተወጥሮ ሲለካ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በልኩ ከተያዘ መጥፎ መረብ አይደለም። ዛሬ በስውር የሚሸጠው ባለ አንድ ክር ስስ ናይሎን መረብ ግን ዓይኑ ጠባብ፣ ዋጋው ርካሽ ነው፤ በውኃ ውስጥም አይታይም። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥታለች፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። አዋጅ ግን ሌሊት ከመገጭ አፍ ቆሞ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሰሜን ምሥራቁን ዳር የወረረው እምቦጭ ደግሞ ለአጥማጁ መዘርጊያ ቦታ አጥብቦበታል፤ ስለ እርሱ በሌላ እትም እንመለስበታለን።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። ነጭ ዓሣ በወንዝ አፍ የሚሰበሰብበት ጊዜ ከሐምሌ ጀምሮ መስከረምን ያካትታል። በዚህ ጊዜ በደምቢያ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም። ለልጁ የሚያበላው ያጣ አባት ከደጁ ባለው ወንዝ ዓሣ ሲንጋጋ እያየ «እናቲቱን ልልቀቃት» እንዲል የምንጠይቀው ጠግበን ከሆነ፣ ቃላችን በፊቱ ምን ክብር ይኖረዋል? እኛ ከአጥማጆቹ ጋር ተቀምጠን ስንነጋገር ሳናስተምራቸው የዚህን ትምህርት ግማሽ ነግረውናል። «ድሮ በዚህ መረብ የምንይዘው ክንድ የሚያህል ነበር» ይላሉ። የጎደላቸው የክረምቱ እንጀራ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን ወስነናል። በዚህ ዓመት ለመረብ የተላከልንን ገንዘብ ለአዲስ መረብ አናውለውም። ጠባቡን መረብ ይዞ ለሚመጣ አጥማጅ ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩን እንለውጥለታለን፤ ጠባቡም በሽማግሌዎች ፊት ይቃጠላል። የቀረው ገንዘብ እህል ይገዛበታል፤ ይህም ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዝ አፍ መረብ ላለመዘርጋት በማኅበር ለተስማሙ ቤተሰቦች ይሰጣል። ይህ ለደጋፊዎቻችን እንደ ወደ ኋላ መመለስ ሊታያቸው ይችላል፤ ማስተማር ትተን እንደገና ማብላት ጀመርን እንዴ? ብለው ሊጠይቁን ይችላሉ። አዎን፤ በዓመት ለሦስት ወር ይህን እናደርጋለን።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ የቤት ሥራ አለን። እስካሁን በየወሩ የምትልኩልን ሪፖርት የኪሎ ብቻ ነው። ከእንግዲህ በወር አንድ ቀን ከአንድ ጀልባ ላይ 50 ዓሣ ሳትመርጡ ቁጠሩና ከአፍ እስከ ጭራ መለያያ ያለውን ርዝመት ለኩ፤ ዓይነቱን በአጥማጁ አጠራር ጻፉ፤ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል መኖሩንም መዝግቡ። ትንሽ ሆኖ እንቁላል የያዘ ዓሣ ስታገኙ አስምሩበት። ዓሣው ከስቶና በዝቶ ከሆነ የተጨናነቀ ነው፤ ሥጋው ሙሉ ሆኖ ትልልቁ ብቻ ከጠፋ ግን መረቡ በዝቶበታል። ዕድሜውን የሚናገረው በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ትንሽ የጆሮ ድንጋይ ነው፤ ያንን በመቅ አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልሉና ርዝመቱን ከላዩ ጽፋችሁ አስቀምጡልን፤ ክቦቹን የሚቆጥርልን ባለሙያ እንፈልጋለን። መለኪያውን ለመግዛት ገንዘብ አትጠይቁ፤ በሳንቲ ሜትር የተሰነጠረ ቀርከሃ ይበቃል፤ የመጀመሪያውን መዝገብ ከመስቀል በፊት እንጠብቃለን።